ለምትማረው ሐኪም ሆዴን ስሰጥ

ሥራዬ ሰው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ወሰን አካባቢ ባለ አንድ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ውስጥ፣ ከተማሪው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የኖርኩት ብል አልዋሸሁም። ስለዚህ ከወንበር የሚመጣ በሽታ ሁሉ ይገባኛል ብዬ አስብ ነበር። የወገብ ሕመም አውቃለሁ፤ ኪንታሮት ደግሞ ከሥራ ጓደኞቼ ግማሾቹ አላቸው። የመገናኛው ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን ሽንት ቤት ደም ሳይ፣ "ተራው የእኔ ሆነ" ብዬ ሳቅሁ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣብኝም። ስለዚህ ዓይነቱ ሕመም ሰው በሰው ፊት አያወራም። እኔ ግን አወራለሁ። አንድ ሰው ቀደም ብሎ አውርቶልኝ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ወራት በከንቱ አልባክንም ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት መድኃኒት ቤት ነው። ነገሩን ሹክ ስለው ባለሙያው ብዙም ሳያስብ ከመደርደሪያው ቅባት አወረደልኝ። ቅባቱን ስጠቀም ደሙ ጋብ ያለ መሰለኝ፤ ከዚያ ተመለሰ። ባለቤቴ ምሕረት ቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ ነገር ሲንጠለጠል የማትወድ ሴት ናት። ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ሰገራዬን መርምረው "አሜባ" አሉኝ፤ አፌን እንደ ሬት የሚያመርር ኪኒን ውጬ ጨረስኩ። ሁለተኛው ክሊኒክ ደሜን አይቶ "ታይፎይድ" አለኝ፤ ለእሱም መርፌ ተወጋሁ። ሦስተኛው ጋ ወጣቱ ሐኪም ገና ከመቀመጤ "ሥራዎ ምንድን ነው?" አለኝ። ነገርኩት። "በቃ፣ ኪንታሮት ነው። ጎመን ይብሉ፤ ውሃ በደንብ ይጠጡ" ብሎ ሸኘኝ። እነዚያ ሁሉ ክፍሎች ውስጥ ተራ ጠብቄያለሁ። ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ የሚያስነጥስ ሕፃን፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር የሌላ ሰው ስም የሚመስለው ሽማግሌ። ሦስቱም ጋ ግን ሱሪህን ዝቅ አድርግ ያለኝ ሐኪም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ባለማለታቸው ደስ ብሎኝ ነበር የምወጣው።

ቀስ በቀስ ቀበቶዬ ይሰፋኝ ጀመር። ሽንት ቤት ሄጄ ስመለስ ወዲያው ደግሞ ያጣድፈኛል፤ ስቀመጥ ምንም የለም። ማታ ማታ ደረጃ ስወጣ ልቤ ትደልቃለች። በጸሎት ቀን ወንድሞች እጃቸውን ጭነውብኝ ጸለዩ፤ ያ ጸሎት አበርትቶኛል፤ አልክደውም። ታናሽ ወንድሜ ኤርሚያስ ደግሞ ኪንታሮትን በባህል መድኃኒት የሚያደርቅ ሰው አገኘልኝ። ኤርሚያስ ወሰን ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ከዱራሜ አዲስ አበባ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለ እኔ ሲጨነቅ ድምፁ ይጨምራል። "ሁሉንም ነገር ጨርሻለሁ፤ ቅዳሜ ወስጄህ እመለሳለሁ" ብሎኝ ነበር። እኔም እሺ ብዬ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት ነው ሰላማዊት ያቆመችኝ።

ሰላማዊት ነርስ ናት፤ በዚያን ጊዜ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ እኔ ጋ ትማር ነበር። ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት ላይ ተማሪዎቼን አስቆሜ ማስነሳት አለማምዳለሁ። እዚያ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን ቶሎ የለቀቀ ሰው ሞተሩ ይጠፋበትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ያኔ እኔ በኩል ያለውን ፍሬን እረግጣለሁ። ያን ዕለት መኪናዋ መንሸራተት ስትጀምር እግሬን አነሳሁ፤ እግሬ ግን ዘገየ። ደረሰልኝ፤ ቢሆንም ዘግይቶ ነው። ሰላማዊት የእጅ ፍሬኑን ሳበችና ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ።"

"አንቺ መሪሽን ያዢ።"

"ቆመናል እኮ። እጅዎን።"

መዳፌን አየች፤ ከዚያ ሳታስፈቅደኝ የዐይኔን ሽፋን በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳብ አደረገችው።

"ደም የለዎትም። ደምዎ የት እየሄደ ነው?"

ነገርኳት። ቅባቱን፣ አሜባውን፣ ታይፎይዱን፣ የቅዳሜውን ሰውዬ ጨምሬ ነገርኳት። እሷ ሰምታኝ ስትጨርስ "በጣት የመረመረዎት ሐኪም አለ?" አለችኝ።

"ምኑን በጣት?"

"ከታች፣ ጋሼ። ጓንት አድርጎ።"

ፊቴ ጋለ። የልጄ እኩያ ናት። "የለም" አልኳት።

"እንግዲያው እስካሁን አልተመረመሩም ማለት ነው" አለችና መኪናዋን አስነሳች። ያን ዳገት ምንም ሳታንሸራትት ወጣችው።

ሰላማዊት የምትሠራበት ሆስፒታል ሐኪሞች የሚማሩበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። ከምሕረት ጋር ማልደን ሄድን፤ ተራ የደረሰን ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነው። የመረመረችኝ ሐኪም ቀጠን ያለች፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ነበረች። ዶክተር ቤዛዊት ትባላለች። በግራ ጎኔ አስተኛችኝ፤ ጉልበቴን ወደ ሆዴ አስጠጋችኝና "በአፍዎ ይተንፍሱ" አለችኝ። ለወራት ስሸሸው የነበረው ምርመራ ጫማዬን አውልቄ ከማሰሬ ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ያምማል ብዬ የፈራሁት አላመመም። ጓንቷን አወለቀች፤ እጇን ታጠበች፤ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"እብጠት አለ። ምን እንደሆነ በካሜራ ገብተን አይተን፣ ቁራጭ ወስደን አስመርምረን ነው የምንነግርዎት። ግን ኪንታሮት አይደለም።"

ካሜራው እንደ ቀጭን ጎማ የሚታጠፍ ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ መብራት አለው። አንጀት እንዲጸዳ ከዋዜማው ጀምሮ የሚጠጣው መድኃኒት ከምርመራው ይብሳል። ውጤቱ የመጣ ቀን ምሕረት እጄን ይዛ ነበር። ዶክተር ቤዛዊት ቃሉን አልሸፋፈነችውም። "ካንሰር ነው" አለች። "የትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ። በሲቲ ስካን እንዳየነው ግን ግድግዳውን አልፎ አልሄደም፤ ጉበትም ሳንባም ንጹሕ ነው። ይህ የሚወጣና የሚድን ዓይነት ነው።" ምሕረት "የሚድን" የሚለውን ቃል ሰማች። እኔ የመጀመሪያውን ነው የሰማሁት።

ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ጣራውን አይ ነበር። ሞትን ብቻ አልነበረም የምፈራው። የበለጠ የምፈራው ሆዴ ላይ የሚለጠፈውን ከረጢት ነበር። አንጀቱ ተቆርጦ ከተቀጠለ በኋላ ስፌቱ እስኪጠና ሰገራው በሆድ በኩል ወጥቶ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ለብዙ ሰው ጊዜያዊ ነው፤ ለአንዳንዱ ግን ይቀራል። ከተማሪ ጋር ክንድ ለክንድ ተጠጋግቼ የምውል ሰው ነኝ። ሽታው ቢሰማስ? በዚህ ሐሳብ ተጠምጄ ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ መሬት መሬቱን ሳይ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

"አንተ፣ ምን ጠፍቶህ ነው መሬቱን የምታስሰው?"

ጋሽ ከድር ናቸው፤ የስልጤ ሰው፣ ኮተቤ ሱቅ ያላቸው። ሳላስበው የፈራሁትን ነገርኳቸው። እሳቸው ግራ ቀኝ አይተው የሸሚዛቸውን ጫፍ ገለጥ አደረጉልኝ። ከረጢቱ እዚያ ነበር፤ ንጹሕ፣ ጠፍጣፋ፣ ከሸሚዙ በላይ የማይታይ።

"የእኔ የማይነሳው ነው" አሉኝ። "ሱቄ ላይ ቆሜ እውላለሁ፤ መስጊድ እሄዳለሁ፤ ልጄን ድሬያለሁ። ከደንበኞቼ አንድም የሚያውቅ የለም። አሁን አንተ አወቅህ።" ሸሚዛቸውን መለሱና "ስኳር ስትፈልግ ደግሞ እኔ ጋ ና" ብለው ሳቁ። ከሰማሁት ምክር ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው።

ዶክተር ቤዛዊት ሁለት መንገድ እንዳለኝ ነገረችን። አንደኛው ሆድን ከእምብርት በላይ ጀምሮ እስከ ታች ከፍቶ መሥራት ነው። "ይህን እዚህ ያለን ሐኪሞች ሁሉ በደንብ እናውቀዋለን" አለች። ሁለተኛው በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መቆንጠጫ አስገብቶ፣ ስክሪን እያዩ መሥራት ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ሰው ቶሎ ይነሳል፤ ጠባቡን የዳሌ ጎድጓዳ በካሜራ አጉልቶ ያሳያል።

"እኔ የአንጀት ቀዶ ሕክምናን ህንድ አገር ሄጄ ነው የተማርኩት፤ በሮቦት የሚታገዘውን" አለችን።

ምሕረት ደነገጠች። "ሮቦት ነው የሚቆርጠው?"

"ሮቦቱ ብቻውን ምንም አይሠራም። ሐኪሙ ራቅ ብሎ ይቀመጥና መመልከቻው ውስጥ እያየ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ በሽተኛው ሆድ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች እሱ ያደረገውን ያደርጋሉ። እጅ የማይገባበት ይገባሉ፤ አይንቀጠቀጡም።"

"እሱ እዚህ አለ?" አልኳት።

"የለም። ዋጋው ለእኛ ገና ሩቅ ነው። እዚህ ያሉን ካሜራውና መቆንጠጫዎቹ ናቸው፤ ራሳችን ቆመን እንይዛቸዋለን። ግን የትኛው ሽፋን ከየትኛው እንደሚለይ፣ የቱ ደም ሥር ቀድሞ እንደሚዘጋ፣ የቱ ነርቭ እንደማይነካ ሮቦቱ ላይ ተቀምጬ ተምሬዋለሁ። ያ ትምህርት ከእኔ ጋር መጥቷል። ጨርሻለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ገና እየተማርኩ ነው። ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር በቅርቡ ይመጣሉ፤ አገራችን ላይ፣ በራሳችን መሣሪያ ስሠራ አጠገቤ ቆመው ሊያዩ። እርስዎ ከፈቀዱ ከእሳቸው ጋር እሠራለሁ። ካልፈቀዱ ሁላችንም በምናውቀው መንገድ፣ ሆድ ተከፍቶ ይሠራልዎታል፤ ማንም አይቀየምዎትም።"

ቤት ደርሰን ይህን ለኤርሚያስ ስንነግረው ከወንበሩ ተነሳ።

"እየተማርኩ ነው አለችህ? በአፏ?"

"በአፏ።"

"ሰውዬ፣ ልምምድ ሊያደርጉብህ ነው! እኔ ወንድሜን ለልምምድ አልሰጥም። ሱቁን እሸጣለሁ፤ ውጭ ትሄዳለህ።"

"ውጭ የት?" አለች ምሕረት።

"ህንድ!"

ምሕረት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ህንዱ እኮ ራሱ እየመጣ ነው፣ ኤርሚ።"

እሱ ግን አልሳቀም። ዐይኑ ቀላ። በሩን ዘግቶ ከመውጣቱ በፊት "እሷ ትማርብህና አንተ ብትሞት፣ እኔ እማዬን ምን እላታለሁ?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ስልኬን አያነሳም ነበር። ምሕረትም በእኔና በእሱ መካከል ተይዛ ቀኑን ሙሉ ትንገበገብ ነበር፤ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ስታለቅስ ያገኟት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው የነገሩኝ።

እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ስለዚህ ዶክተር ቤዛዊት ዘንድ ሄጄ "ስትማሩ ማየት ይቻላል?" አልኳት። ተገረመች፤ ግን እሺ አለች። እኔንና ምሕረትን ወደ አንድ ጠባብ ክፍል አስገባችን። ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ ሳጥን አለ፤ ክዳኑ ላይ ቀዳዳዎች ተበስተዋል፤ ውስጡ ካሜራ አለ፤ ከበላዩ ስክሪን። ሁለት ወጣት ሐኪሞች ረጃጅም መቆንጠጫ በቀዳዳው አስገብተው፣ ዐይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣ ባቄላ ከአንዱ ሲኒ ወደ ሌላው ያሻግራሉ። ምሕረት እንድትሞክር ሰጧት። እጇን ወደ ግራ ስትወስድ ብረቱ ወደ ቀኝ ሄደ። ባቄላው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ፤ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ዶክተር ቤዛዊት ተቀበለቻትና በዚያው ብረት፣ እኛ ያላየነውን ቀጭን ክር፣ ስፖንጅ ላይ ቋጠረች። አንዴ፣ ደግማ፣ ደግማ። ቋጠሮዎቹ አንድ መልክ ነበራቸው።

ከዚያ በላፕቶፕ ህንድ አገር ስትማር የተቀረጸውን አሳየችን። ሁለት መመልከቻ ወንበሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በአንዱ እሷ፣ በሌላው መነጽራቸው ወፍራም የሆነ ሽማግሌ ሰው።

"ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያዩት" አለችን። "እሳቸው ሲፈልጉ ብረቶቹን ከእጄ ይወስዳሉ፤ ሲፈልጉ ይመልሱልኛል።"

"ሁለተኛ ፍሬን" አልኩኝ።

"ምን አሉ?"

ሥራዬን ነገርኳት። ደስ አላት። "ልክ እንደዚያ ነው" አለች።

"ታዲያ እዚህ ሮቦቱ ከሌለ፣ ሁለተኛው ፍሬን የት አለ?"

"አጠገቤ ቆመው፣ እጃቸው እጄ ላይ ነው።"

"ቁሚ ሲሉዎት ይቆማሉ?"

ይህን ጥያቄ የጠየቅኳት ከሥራዬ የተነሳ ነው። መኪና ያጋጨ ተማሪ ሁሉ መንዳት ስላቃተው አያጋጭም፤ ቁም ሲሉት "ትንሽ ብቻ" ብሎ ስለሚቀጥል ነው የሚያጋጨው። ዶክተር ቤዛዊት ላፕቶፑን ዘጋችው። ወጣቶቹ ሐኪሞችም ባቄላቸውን ትተው ጆሯቸውን ሰጡን።

"አንዴ አልቆምኩም" አለች። "ሰው ላይ አይደለም፤ የልምምድ ማሽኑ ላይ። ቁሚ አሉኝ፤ ደርሻለሁ ብዬ ቀጠልኩ፤ ደም ሥሩን ቆረጥኩት። ስክሪኑ ሁሉ ቀላ። ከዚያ በኋላ ብረት ሳልነካ፣ ሌሎች ሲሠሩ ብቻ ቁጭ ብዬ እንዳይ አደረጉኝ። አልቅሻለሁ። አሁን ግን 'ቁ' ሲሉ ነው የምቆመው።"

ስንወጣ ምሕረት ደረጃው ላይ ቆማ "ምን አሰብክ?" አለችኝ። "ትሥራኝ" አልኳት። እሷም "እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት" አለች። ኤርሚያስን ግን አላገኘነውም።

ሆስፒታል ገብቼ ተዘጋጀሁ፤ በቀጠሮው ቀን ሆስፒታሉ ውሃ አጣ። ቀዶ ሕክምናው ሁሉ ተላለፈ። በማግሥቱ ደግሞ ድንገተኛ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች መጡና ክፍሉ ተያዘ። ፕሮፌሰሩ መጥተዋል፤ መሄጃቸው ግን እየቀረበ ነው። ዶክተር ቤዛዊት አልጋዬ ጋ መጥታ ሳትቀመጥ ነገረችኝ። "የቀረን ነገ ብቻ ነው። ነገ ካልሆነ እሳቸው ይሄዳሉ። ያለ እሳቸው በቀዳዳ አልጀምርም፤ ከፍተን እንሠራዎታለን።" ፊቷ ላይ ምን ያህል እንደምትፈልገው ይታያል። ብቻዬን እሞክረዋለሁ ማለት ትችል ነበር፤ ማን ይከለክላታል? ስላላለች እምነቴ በረታ።

በማግሥቱ ውሃም ነበረ፣ ክፍሉም ተገኘ። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስገፋ ፕሮፌሰሩ መጥተው እጃቸውን እግሬ ላይ ጣል አደረጉና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አሉ። ዶክተር ቤዛዊት አፍራ ፊቷን አዞረች። "ምን አሉ?" አልኳት።

"እጆቿን አውቃቸዋለሁ ነው ያሉት።"

ማደንዘዣው ሲገባ መዝሙር ጀምሬ ነበር፤ የቱ ጋ እንዳቆምኩ አላውቅም።

ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት ኤርሚያስን ነው። ምሕረት ከኋላው ቆማለች። በኋላ እንደነገረችኝ ማልዶ መጥቶ ከቀዶ ሕክምናው በር አልተነሳም፤ የቀረበለትንም ሻይ ሳይነካ ነው ያቀዘቀዘው። ዶክተር ቤዛዊት ስትወጣ መንገዷን ዘጋባት።

"ማን ነው የሠራው? እርስዎ ወይስ ህንዱ?"

"ሁለታችንም" አለችው። "አብዛኛውን እኔ። መካከል ላይ ደም መጣ፤ ቁሚ አሉኝ፤ ቆምኩ። እሳቸው ደሙን ዘጉና ብረቱን መለሱልኝ። ከዚያ እኔ ጨረስኩ።"

ኤርሚያስ ሊጮህባት ተዘጋጅቶ ነበር አሉ። ግን እንደዚያ ብሎ የሚነግረው ሐኪም አጋጥሞት አያውቅም። "ደም መጣ ብለው ይነግሩኛል እንዴ?" አላት። "ወንድምዎ ነው፤ ለምን አልነግርዎትም?" አለችው። ያኔ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

ሆዴ ላይ ትንንሽ ፕላስተሮች፣ አንድ አጭር ስፌት፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ያ የፈራሁት ከረጢት ነበር። በማግሥቱ አስነስተው በመተላለፊያው አስኬዱኝ። ከረጢቱን መቀየር ያስተማረችን ሰላማዊት ናት፤ ከሥራ ሰዓቷ ውጭ መጥታ። እኔ ፊቴን ሳዞር ምሕረት ቀድማኝ ተማረችው። የተቆረጠው ሥጋ ምርመራ ሲመጣ ዳርና ዳሩ ንጹሕ ነበር፤ አብረው የወጡት ንፍፊቶችም ንጹሕ ነበሩ። ክትትል እንጂ ሌላ መድኃኒት አላስፈለገኝም።

መዳን ግን ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም፤ ይህንንም ልንገራችሁ። ሥራ በተመለስኩ ሰሞን ከረጢቱ መኪና ውስጥ አፈተለከ። ተማሪዬ ትልቅ ነጋዴ ሰው ነበሩ፤ ከመሪው ጋር ይታገላሉ። መሬት ብትከፈትልኝ በወደድኩ ነበር። "ዳር ይያዙልኝ" አልኩና እንደ ጋሽ ከድር ቀጥ ብዬ ነገርኳቸው። ሰውዬው ጃኬታቸውን አውልቀው ሰጡኝ፤ "እዚህ ቤት አለኝ፤ ታጥበው ይውጡ" ብለው ወሰዱኝ። ከወራት በኋላ ከረጢቱ ተነሳ፤ አንጀቴም ተመልሶ ተያያዘ። መጀመሪያ ሰሞን ሽንት ቤት እመላለስ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ልክ ያዘ። ዛሬ እንጦጦን ከምሕረት ጋር በእግሬ እወጣለሁ፤ እሷ ናት "ቆይ እስቲ" የምትለው።

ደም ካያችሁ፣ የሽንት ቤት ልማዳችሁ ከተቀየረ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ "ወንበር ነው" አትበሉ። "በጣት መርምሩኝ" በሉ፤ ራሳችሁ ጠይቁ። ጊዜው አጭር ነው፤ እፍረቱም ከበሩ አያልፍም። ሐኪማችሁ "እየተማርኩ ነው" ቢላችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ አጠገቡ ማን እንደሚቆም ጠይቁት።

ዶክተር ቤዛዊት የእናቴና የአባቴ ልጆች ሁሉ መታየት እንዳለባቸው ደጋግማ ነግራኝ ነበር፤ ሕመሙ በዘር ሊመላለስ ይችላልና። ኤርሚያስ "እኔ ምንም አላመመኝም" እያለ ብዙ ጊዜ አመለጠን። በመጨረሻ ምሕረት ሱቁ ድረስ ሄዳ፣ ከደንበኞቹ ፊት ከመደርደሪያው ጀርባ አወጣችው። የምርመራው ቀን ልብሱን ለውጦ አልጋው ላይ ሲቀመጥ ዶክተር ቤዛዊት አንድ ወጣት ሐኪም አስከትላ ገባች።

"ዛሬ ካሜራውን የሚይዘው ዶክተር ሄኖክ ነው። ተማሪዬ ነው። እኔ አጠገቡ ነኝ። ይፈቅዳሉ?"

ኤርሚያስ ወጣቱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ልጁ ላብ አጥምቆታል። ወንድሜ ሊጮህ ነው ብዬ ከበሩ ተጠጋሁ።

"ቁርስ በልተሃል?" አለው።

"አዎ" አለ ልጁ።

"በል እንግዲህ" አለና ጎኑ ላይ ተኛ።

ውስጡ ትንሽ ሥጋ በቅሎ ተገኘ፤ ምስር የምታህል። ገና ካንሰር አልሆነችም፤ ብትቆይ ግን ልትሆን ትችል ነበር አሉን። ሄኖክ እዚያው በካሜራው በገባ ሽቦ አንቆ ቆረጣት።

ወደ ቤት በመኪና ስወስደው የማደንዘዣው ድንዛዜ ገና አልለቀቀውም፤ ቢሆንም ስልኩን አውጥቶ ዱራሜ ላለችው እህታችን ደወለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ከፍ ብሏል።

"መጥተሽ ትታያለሽ። ... አይ፣ ባያምሽም! ... እኔ እዚህ የማውቃቸው ሐኪሞች አሉኝ። ... አያምም አልኩሽ እኮ። ... ደግሞ ስሚ፤ ተማሪ ይግባ ካሉሽ እንዳትከለክይ፤ ጎበዞች ናቸው።"

ስልኩን ዘጋና ራሱን ወንበሩ ላይ አስደገፈ።

"ሐሙስ በአውቶቡስ ትመጣለች" አለኝ።